ጋሽ ጆሮ የሰማውን አልናገርም

ከመነሻው ልናገር፤ በኋላ አታለለችን እንዳትሉኝ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማልነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ሌላውን ሁሉ፣ የታክሲውን ዋጋ፣ የለበስኩትን ጃኬት፣ የሠራሁትን ጥፋት ሳይቀር እዘረግፈዋለሁ። ያንን አንዱን ግን አልናገርም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው አባብሎ የሚያናግረኝ ከሆነ እስከ ዛሬ የኖርኩት በከንቱ ነው።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። ዕድሜዬን ያስተማርኩበት ገርጂ ያለው ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፤ መጽሔት ይታተማል፣ ኮሚቴም ተቋቁሟል። ከኮሚቴው ቤዛ የምትባል ወጣት ደወለችልኝ። ትሑት ናት፣ ድምጿም ደስ ይላል፤ ግማሹን ግን የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው። በአሻንጉሊት ልጆች አክም እንደነበር መስማቷን፣ ስቶሪዬም በጣም ኢንስፓየሪንግ መሆኑን ነገረችኝ። አላከምኩም፣ አስተማሪ ነበርኩ አልኳት። ሁለት ገጽ ጻፊ ስባል እሺ አልኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ አስካለ፣ ያቺ የማትናገረው ልጅ በአሻንጉሊቱ ጆሮ ምን ትለው እንደነበር ቢጽፉልን እኮ ሰው ያለቅሳል» አለችኝ። ሰው ማልቀስ ካማረው ሽንኩርት ይላጥ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ ለዚያም ውሸቴ እስከ ማግስቱ ተናድጄ ዋልኩ።

በማግስቱ ከወሎ ሰፈር ወደ ሩዋንዳ ሰፈር በእግሬ ስሄድ አንድ ሰውዬ በግንባታ አጥር ቆርቆሮ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ባልዲው ውስጥ ያለው ሙጫ በዱቄት የተፈላ ነው። ያ ለብ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እግሬ ቆመ። ሰውዬው ማስታወቂያውን ላነብ የቆምኩ መስሎት፣ «የሚከራይ ቤት ነው እናቴ፣ ሁለት መኝታ» አለኝ። ቤት አልፈለግሁም። የፈለግሁት በእንዲህ ያለ ሙጫ ይሠሩ የነበሩትን ጋሽ ወርቁን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከሞቱ ብዙ ጊዜያቸው ነው።

ያኔ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ገርጂን ከተማ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ዛሬ መኪና ተቆላልፎ የሚውልበት ኢምፔሪያል ሆቴል አካባቢ ቀለበት መንገድ የሚባል ነገር አልታሰበም፤ ከታክሲ ወርደን ወደ ውስጥ የምንገባው በባሕር ዛፍና በስንዴ ማሳ መካከል ነው። ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር የሰጡት ረዳት መልሱን የሚያወጣው እንደ ገዛ ጥርሱ እያመመው ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ስለዚህ ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዤ፣ በፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ረግጬ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር የምቀይረው። ትከሻው ስፖንጅ የተጠቀጠቀበት ሐምራዊ ጃኬት ነበረኝ፤ ያንን ለብሼ በበር ስገባ ትከሻዬ ከኔ በፊት ነበር የሚገባው። መታጠፊያው ላይ ካሴት የሚሸጥ ኪዮስክ ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያስጮኸው፤ ተማሪዎቼ የሰባትን ማባዣ በዚያ ዜማ ይዘው አሁንም ድረስ፣ ልጅ ወልደው እንኳ፣ ሰባት ሲያበዙ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። በር ላይ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ ዘይቱ ደብተራቸው ላይ፣ ከደብተራቸው እጄ ላይ፣ ከእጄም አሻንጉሊቶቹ ላይ ይደርሳል። ይህን ዘይት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑ፣ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው በጣሪያችን ላይ ሲያልፉ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ትምህርትም ይቆማል። ልጆቹ መስኮት ላይ ተደራርበው እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔም አብሬ አውለበልብ ነበር።

ጋሽ ወርቁ የትምህርት ቤቱ አናጢና የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቴአትር ቤት ውስጥ፣ ከመድረክ ጀርባ፣ ዘውድና ጋሻ የአንበሳም ራስ ሲሠሩ ኖረዋል። አንደኛ ክፍሎቼ ሒሳብ እምቢ ሲሉኝ ለእሳቸው ሳማርር ነው የአሻንጉሊቱ ነገር የተጀመረው። ዱቄት አፍልተው ሙጫ ሠሩ፣ አሮጌ ጋዜጣ ቀዳደው እየነከሩ በጭቃ ቅርጽ ላይ ደራርበው ለጠፉ። አህያ ሊሠሩ ነበር ያሰቡት። ሳይደርቅ ዝናብ መጣና አፍንጫው ወደ ውስጥ ገባ። ለጆሮው ከወሎ ሰፈር ጋራዥ የአሮጌ መኪና ወንበር ቆዳ ለምነው አመጡ፤ ቆዳው ሰፊ ሆነና ጆሮውም ሰፋ። ገላው እጅ የሚያስገባ ሆኖ ከአሮጌ ካኪ ሱሪ ተሰፋ። ልጆቹ ሲያዩት ግማሾቹ አህያ ነው፣ ግማሾቹ ጥንቸል ነው፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤታችን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሲያቅታቸው ጋሽ ጆሮ አሉት። ሌሎቹ አሻንጉሊቶች የተሠሩት ከእሱ በኋላ ነው። የሚሸተው ሙጫና ላምባ ነበር፤ ላምባው ግምጃ ቤት ውስጥ ከጎኑ ስለሚቀመጥ ነው።

ጋሽ ወርቁ አሻንጉሊቱን ሲሰጡኝ እንደ ጠመንጃ አስረካቢ ብዙ አስጠነቀቁኝ። ከልጅ በላይ አይወቅ አሉኝ፤ ስለዚህ ጋሽ ጆሮ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ብሎ ይቆጥራል፣ ክፍሉም በሙሉ ጮኾ ያርመዋል። ልጅን ጥያቄ አይጠይቅ፤ ሲጠየቁ የሚውሉት በአዋቂ ነው። ልጅ በጆሮው ሲያንሾካሹክ «ሰምቻለሁ» ብቻ ይበል፤ አይምከር፣ አያባብል። በጆሮው የገባም አይውጣ፤ ልጁን አሁን የሚጎዳ ሰው ካለ ያ ለብቻው ነው፣ ያኔ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ሌላው ግን እዚያው ይቅር። ሲቀደድ ይጣፍ፣ ሲሰበር ይለጠፍ። ውኃ ግን እንዳይነካው። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ ወረቀቱ ስለሚሟሽሽ መስሎኝ ነበር፣ «እድፉ የልጆቹ ነው፤ ያንቺ አይደለም» አሉኝ። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም።

በሁለተኛው ዓመት ነው ሰናይት የመጣችው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ያመጣቻት አክስቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላት፣ ከትግራይ የመጣች፣ ቆፍጣና ነጋዴ ናት። ልጅቷ ከሀገር ቤት ከመጣች ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። ትሰማለች፣ ትጽፋለች፣ ራሷን ነቅንቃ እሺም እምቢም ትላለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ያዩትን አልጠየቅኋቸውም። በዚያ ዘመን፣ ጦርነቱ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ሁላችንም ከአንድ ነገር የመጣን ነበርን፤ ካልነገሩህ አትጠይቅም።

በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት አውሮፕላን ሲያልፍ ልጆቹ ወደ መስኮት ሮጡ፣ ሰናይት ወደ ዴስኩ ሥር ገባች። ሁለት ክንዷን ራሷ ላይ አድርጋ ተጠቅልላ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ አይዞሽ፣ ምንም የለም አልኳት፤ ምንም እንደሌለ ለእኔ ማን ነገረኝ? በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አስጠራኝና ሰኔ ላይ ጮክ ብላ ካላነበበች እንደማታልፍ፣ ለሚመጣው ዓመትም እንደማይመዘግባት ነገረኝ። መናገር የማትችል ልጅ ቦታዋ እዚህ አይደለም አለ። ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ረጅም ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ወይዘሮ ለተብርሃን ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። «እዚህ ካስወጧት ቤት ነው የምትቀረው። እኔ ሱቅ ነው የምውለው። ዝም እንዳለች አራት ግድግዳ ውስጥ ታድጋለች ማለት ነው» አለችኝ። ያ ቆፍጣና ፊት ሲፈርስ አየሁት።

ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። እንጨት እየላጉ ሰሙኝና፣ «አትፍሪ እያልሽ አታድርቂያት። ከእሷ የባሰ ፈሪ አምጪላት» አሉ።

በማግስቱ አውሮፕላኑ ሲመጣ ጋሽ ጆሮ ጮኸ። እንደ ፍየል ነው የጮኸው። እየተንቀጠቀጠ ወደ ሰናይት ዴስክ ሥር ገባ፤ እጄ እሱ ውስጥ ስለሆነ እኔም በጉልበቴ ገባሁ። ስቶኪንጌ ተቀደደ፣ ሐምራዊ ጃኬቴ በጠመኔ ብናኝ ነጣ። ልጅቷ አየችው። በሁለተኛው ቀንም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ገባ። በአራተኛው ቀን ሁለት ክንዷን ከራሷ ላይ አነሳችና ትልልቅ ጆሮዎቹን በእጆቿ ሸፈነችለት። አውሮፕላኑ አልፎ እንኳ አልለቀቀችውም። ሳምንት ሳይሞላ አንዱን ጆሮ ገለጥ አደረገችና አፏን አስጠጋች።

እንግዲህ ይህ ነው። ጆሮዬ ከአፏ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ልጆች ሲያንሾካሹኩ ላለመስማት በሆዴ ማዜም ልማዴ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ድምፅ አላት ወይስ የላትም የሚለው ጉጉቴ አሸነፈኝና ሰማሁ። «ሰምቻለሁ» አለ ጋሽ ጆሮ። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ፍርሃቱ መሰላት። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ትነግረው ጀመር። አሁን እየጎዳት ያለ ሰው አልነበረም፤ ቢኖር ዝም አልልም ነበር። የሆነው ሆኖ ያለፈ ነገር ነው፣ የእሷም ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹ አሻንጉሊት እንደሚወዱ ከአንድ ቦታ ሰምቶ፣ እስከዚያ ድረስ የልጆች ጨዋታ ሲለው የነበረውን ነገር አሳዩ አለ። ሰናይትም በአሻንጉሊቱ ጆሮ ስታንሾካሹክ እንግዶቹ እንዲያዩ ፈለገ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሥራዬን ቢያይልኝ አልኩ። ጋሽ ወርቁ ለለቅሶ አገር ቤት ሄደው ነበር፤ ቢኖሩ እጄን ይመቱት ነበር። ጋሽ ጆሮን አየሁት፤ ያ የፓስቲ ዘይት፣ ንፍጡ፣ የቀለም እርሳሱ፣ የሁለት ዓመት የልጅ እጅ ተደራርቦበት ካኪው ጥቁር ሆኗል። አፈርኩበት። ገላውን ፈትቼ በዱቄት ሳሙና ሁለቴ አጠብኩት፣ ጭንቅላቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ የዘይት ቀለም ቀባሁት፣ በጆሮው አጥር ላይ ሰቅዬ በፀሐይ አደረቅሁት። ይባስ ብዬ ከሽቶዬ ጠብ አደረግሁበት። ቀይ የአንገት ክራቫትም ሰፋሁለት። እንደ ሙሽራ አምሮ ነበር።

እንግዶቹ ከቢሮ በመጣ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላኑም እንደታዘዘ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። ጋሽ ጆሮ ጮኾ ዴስክ ሥር ገባ። ሰናይት ጆሮውን ያዘች፣ ልትሸፍንለት አስጠጋችው፣ ከዚያ አሸተተችው። እጇን ሰበሰበች። ቀና ብላም አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ እኔን አይታኝ አታውቅም፤ የምታየው እሱን ነበር። አሁን እሱ ጠፋና እጄ ብቻ ቀረ። ተነስታ ሄዳ ከሌላ ዴስክ ሥር ብቻዋን ተጠቀለለች። እንግዶቹ ጥቂት ቆይተው፣ አመስግነው ሄዱ። በዚያ ሳምንት ራሷን ነቅንቃ እንኳ መመለስ ተወች። ግንቦት ገብቶ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ሲመለሱ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት፣ አሸተቱት። «ይሄ ማነው?» አሉኝ። ጋሽ ጆሮ ነው አልኩ። «እኔ አላውቀውም።» ያኔ አለቀስኩ። ላምባ እንቀባው፣ ሙጫ አፍልተን እንለቅልቀው፣ ሽታው ይመለስ ብዬ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «አንዴ ያለ ፈቃዷ ወሰድሽባት፣ ደግሞ ልታታልያት ነው? ያጠፋ ሰው ምን ያደርጋል?» ይቅርታ ይጠይቃል አልኩ። «እንግዲያውስ ምን እንደደረሰበት እሱ ራሱ ይንገራት» ብለው ወደ እንጨታቸው ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ሳይመጣ፣ ማንንም ሳላዘጋጅ፣ ከሰናይት ዴስክ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ጆሮን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ወደ እሷም አላስጠጋሁትም። ለግድግዳው መናገር ጀመረ። «አጠቡኝ» አለ። «ሳይጠይቁኝ አጠቡኝ። ሽታዬን ወሰዱት። በጆሮዬ ሰቅለው አዋሉኝ። አሁን እኔ ራሴን አላውቀውም።» ከዚያ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አርባ ልጆች ነበሩ፤ እርሳስ እንኳ የወደቀበት ልጅ አላነሳም።

«በረደህ?»

ጎርነን ያለ ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ያለ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ቀና ያልኩት ሞኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ልጆቹ ሁሉ እሷን እያዩ ነው። የተጠየቀው እሱ ነው፣ መመለስም ያለበት እሱ ነው። «በጣም» አልኩ በእሱ ድምፅ። አረንጓዴ ሹራቧን አወለቀችና ከነጆሮው ጠቀለለችው። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለተኛ እንዳያጥቡት» አለችኝ። ለአዋቂ ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ትእዛዝ ነበር። እሺ አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ውኃ አልነካውም።

ወሬው ከዕረፍት ሰዓት በፊት ቢሮ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ፤ እንግዶቹን መልሶ ሊጠራ ነው። ሰናይት በፊታቸው ከአሻንጉሊቱ ጋር ትናገራለች፤ እኔ ደግሞ እስካሁን በጆሮው ያለችውን ሁሉ ጽፌ እሰጠዋለሁ፣ ለሪፖርቱ። አንዴ ተሳስቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሳሳትም አልኩት። ከተቀመጠበት ተነሳ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ የምጠይቅዎት እኮ እንደ ኃላፊ ነው» አለ። «ታዲያ የሰማው ጋሽ ጆሮ ነው፤ እሱን ይጠይቁት» አልኩት። ያን ጊዜ ትከሻዬ ላይ ያለው ስፖንጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ ከበሩ ስወጣ ሰፋ ብዬ ነው የወጣሁት። ትንሽ ቆይቶ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይህ ትምህርት ቤት እንጂ ቴአትር ቤት ባለመሆኑ አሻንጉሊቶች በሙሉ ግምጃ ቤት ገብተው እንዲቆለፍባቸው ይላል። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ያለው ጋሽ ወርቁ ዘንድ ነው። እሳቸውም አሻንጉሊቶቹን በሥርዓት ተረክበው፣ በሥርዓት ፈርመው፣ በሩን በሥርዓት ቆለፉ። ጋሽ ጆሮ በወረቀት ላይ እስረኛ ሆነ። በእውነቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ሰኔ ላይ ሰናይት ለፈተና ገባች። ቀኑ ፀሐይ ሆኖ ሳለ አረንጓዴ ሹራቧን ደርባለች፤ ከአንገቷ ሥር የቆዳ ጆሮ ጫፍ ብቅ ብሏል። ርዕሰ መምህሩ አየው። እኔም ማየቱን አየሁ። ግማሽ ገጽ ነበር፤ እየተንተባተበች፣ እየቆመች፣ ሁለት ቃል እየዘለለች አነበበችው። ሰውዬው በዚህ ሁሉ ጊዜ አንገቱን ወደ መስኮት አዙሮ ምንም የሌለበትን ሜዳ ሲያይ ቆየ፤ ሲዞር አልፋለች አለ። ስለዚያች ስለዞረች አንገቱ ስል ስሙን እዚህ አልጠራም። በር ላይ ትጠብቅ የነበረችው ወይዘሮ ለተብርሃን ግን አላለቀሰችም፤ በእልልታ ኪዮስኩን እንኳ ዝም አሰኘችው።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። ስንዴው ፎቅ ሆነ፣ ባሕር ዛፉ መንገድ ሆነ፣ ካሴት ሻጩ የት እንደገባ አላውቅም። ዛሬ ሩዋንዳ አካባቢ ልጆችን በጨዋታ የሚረዱ ቤቶች ተከፍተዋል፤ ወጣቶቹ ተምረው የመጡ ናቸው፣ አንዳንድ ጊዜ ይጠሩኛልም። አሻንጉሊቶቻቸው ያማሩ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በመድኃኒት ይጠረጋሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ካሜራ አለ፣ ለወላጅ የሚላክ። ስለ ንጽሕናው እንኳ ልሸነፍ እችላለሁ፤ በሽታ አለ። ስለ ካሜራው ግን አፌን አልዘጋም። ልጅ የሚነግርህ የሚሰማው ስላለ ነው፤ የሚያየው ሰው ሲበዛ የሚሰማው ያንሳል። ኋላቀር ይበሉኝ። በየሄድኩበት መጀመሪያ የማደርገው ሻሼን ፈትቼ ካሜራው ላይ ማልበስ ነው።

ያን ሙጫ ባሸተትኩ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ጎርናና፣ ችኩል፣ በመካከሉ ከሌላ ሰው ጋር ስለ ፍሬን ሸራ የሚከራከር ድምፅ ነው። ሰናይት ነበረች። ስልክ ቁጥሬን ከበዓሉ ኮሚቴ፣ ከቤዛ አግኝታ ነው። የአክስቷን ሱቅ ወርሳ አስፍታዋለች፤ አሁን ዝም በይ ቢሏት ዝም የማትል ነጋዴ ናት። ሩዋንዳ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሻይ በሠላሳ ሳንቲም የጠጣሁ ሰው የዛሬውን ዋጋ አይቼ ልነሳ ስል እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሳቅን፣ ስለ ሁሉም አወራን። ከዚያ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችው።

«እትዬ፣ ያኔ ምን ነበር የምነግረው? ሁሉም ትዝ ይለኛል። ሹራቡ፣ አውሮፕላኑ፣ የርስዎ ስቶኪንግ። ያልኩት ነገር ግን የለም፤ ስፈልገው ባዶ ነው። አክስቴ እንዳልጠይቃት ሞታለች። የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

የቤዛ ጥያቄ አናዶኝ ነበር፤ የዚህችኛዋ አስጨነቀኝ። ነገሩ የራሷ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለእኔ አልነገረችኝም፤ ሠላሳ ዓመት ያህል የያዝኩት ለእኔ ስላልተባለ ነው። እንደማንኛውም ወሬ በሻይ ብርጭቆ ላይ ላወጣው አልቻልኩም። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ክራቫቱ ከወለቀ ቆይቷል፤ ቀለሙ ተልጦ፣ ካኪው ከኋላዋ በመጡ ልጆች እጅ እንደገና ጠቁሯል። ሰናይት ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። አሸተተችው፤ ተመልሷል አለች።

አውጥቼ እጇ ላይ አጠለቅሁት። እንደ ልጅነቷ ከውጭ ሳይሆን አሁን ውስጡ ያለችው እሷ ናት። ጣቶቿ ቦታቸውን ሲፈልጉ ራሱን ወዘወዘ። ከበላያችን አውሮፕላን አለፈ፤ ባልጠለቀው እጇ አንዱን ጆሮ ሸፈነችለት፣ እንዳደረገችውም አላወቀችም። ጩኸቱ ሲርቅ እኔ ጎንበስ ብዬ ሌላውን ጆሮ ገለጥ አደረግሁና በሰባት ዓመቷ የነገረችውን፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ለጋሽ ጆሮ ነገርኩት። አስተናጋጇ ቆማ ታየን ነበር፤ ትየን።

ሰናይት አላለቀሰችም። አሻንጉሊቱ ግን ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ እኔ በእጄ ይዤው ሳለሁ በሚናገረው በዚያው በፍየል ድምፅ፣ «ሰምቻለሁ» አለኝ።

ስንለያይ ይዛው ሄደች። እንዳታጥቢው ስላት ከመኪናዋ መስኮት ወጣ ብላ፣ «ይህን መጀመሪያ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ቤዛ ደወለች። ጽሑፉ እንደሚዘገይባት ፈርታ ነው። እያለቀ ነው አልኳት። ያ ክፍል፣ ልጅቷ ያለችው፣ ገብቷል ወይ አለችኝ። አልገባም፣ አይገባምም አልኳት። በትሕትና፣ «እንግዲያው እኮ እትዬ፣ ጽሑፉ ይጎድላል» አለች።

አይጎድልም የኔ ልጅ። የጎደለውን የነገሩ ባለቤት ወስዳዋለች።